የረግረግን ጥቅም በሥራ ማስተማር
ለጣና ዳርቻ የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በተለይም በፎገራና በደምቢያ፣ ክረምቱ አልፎ ውኃው ወደ ኋላ ሲመለስ የሚተወው መሬት «ባሕር ሸሽ» ይባላል። ሐይቁ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት፣ ዝቅ የሚለው ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ስለሆነ፣ በዚህ መካከል ባሉት ወራት ገበሬው የሸሸውን ውኃ እየተከተለ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ከብትም ያሰማራል። ይህ ሥራ አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነው የእርሻው ወሰን ውኃው ከሚሸሽበት መስመር አልፎ ደንገልና ፊላ ወደሚበቅልበት፣ ዓመቱን ሙሉ እርጥበት ወደማይለየው መሬት መግባቱ ነው። ደንገሉ በመጀመሪያ ይታጨዳል፣ ቀጥሎ ይቃጠላል፣ በመጨረሻም ሥሩ ይነቀላል፤ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ቦታው እንደማንኛውም ማሳ ይቆጠራል።

የኤክስቴንሽን ሠራተኛው በስብሰባ ላይ ቆሞ «ረግረግ ጠቃሚ ነውና አትንኩት» ቢል ብዙ ሰሚ አያገኝም። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። ቦታውን የሚያርሰው ብዙውን ጊዜ ሌላ መሬት የሌለው ወጣት ነው። ረግረጉ ሲጠፋ የሚጎዳው ደግሞ ሌላ ሰው ነው፤ አሣ አጥማጁ፣ ታንኳ ሠሪው፣ በበጋ ከብቱን እዚያ የሚያሰማራው ጎረቤት። ስለዚህ ችግሩ የዕውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን የጥቅም ግጭትም ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ዘዴ፣ ተማሪዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ለቀበሌያቸው የሚጠቅም ሥራ በአንድነት እየሠሩ፣ በሥራው መካከል እየለኩና እየመዘገቡ፣ የለኩትንም ለሕዝብ እያቀረቡ የሚማሩበት ነው። በአገልግሎት ላይ የተመሠረተ ትምህርት ብለነዋል።

ረግረጉ ምን ይሠራል?

ጣና 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ይህን ያህል ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ብዙ ወንዞችና ጅረቶች አብዛኛውን ውኃ የሚያመጡት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሲሆኑ፣ ወጪው ወንዝ ዓባይ ብቻ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የርብን ወይም የጉማራን ውኃ ያየ ሰው ቀለሙን ያውቀዋል። ያ ቀይ ቡናማ ውኃ የላይኛው አገር ማሳ ነው። ጥልቀቱ ትንሽ በሆነ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ጭቃ ሲገባ የሚያስከትለው ጉዳት ጥልቅ በሆነ ሐይቅ ከሚያስከትለው እጅግ የበለጠ ነው።

ረግረጉ የሚሠራው የመጀመሪያው ሥራ ይህን ውኃ ማዘግየት ነው። ጎርፍ በደንገልና በፊላ መካከል ሲያልፍ ፍጥነቱን ያጣል፤ ፍጥነቱን ያጣ ውኃ ደግሞ የተሸከመውን አፈር መያዝ አይችልምና ያስቀምጠዋል። ከአፈሩ ጋር የተጣበቀው ፎስፎረስም አብሮ ይቀራል። በውኃው የሟሟውን ናይትሮጅን ከፊሉን ዕፀዋቱ ይወስዱታል፤ ከፊሉንም አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን ወደ አየር እንዲመለስ ያደርጉታል። ይህን ለገበሬ በዚህ ቋንቋ መንገር አያስፈልግም። ከረግረጉ በላይና ከረግረጉ በታች የተቀዳ ውኃ በሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን አቁሞ ማሳየት ይበቃል።

ሁለተኛው ሥራ ውኃን ማቆየት ነው። በአንድ ሄክታር ረግረግ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ውኃ ቆሟል እንበል። ይህ 2,000 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ሊትር ውኃ ነው። አንድ ከብት በቀን 40 ሊትር ቢጠጣ፣ ይህ መጠን ለ100 ከብት ለ500 ቀን የሚበቃ ነው። እርግጥ ነው፣ ውኃው ሁሉ ከብት አፍ አይገባም፤ ትልቁ ድርሻ በፀሐይና በዕፀዋቱ ቅጠል በኩል ይተናል። ደንገል ብዙ ውኃ የሚጠጣ ተክል መሆኑን መደበቅ አይገባም። ሆኖም ስሌቱን የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ራሱ ሊሠራው ስለሚችል፣ ለማስተማሪያነት የሚሻል ምሳሌ አላገኘንም።

ሦስተኛው ሥራ አሣን ይመለከታል። ቀረሶና አምባዛ በዳርቻው ሣርና ደንገል መካከል፣ ጥልቀት በሌለው ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ይራባሉ። በዓለም ላይ በጣና ብቻ የሚገኙት የነጭ አሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎች ወንዞች ሽቅብ ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በመንገዳቸው ላይ መረብ ሲበዛና የወንዙ ጠጠር በጭቃ ሲሸፈን ይጎዳሉ። አሣ አጥማጁ ስለዚህ ጉዳይ ከእኛ የበለጠ ያውቃል፤ ለትምህርቱም ዋነኛው መምህር መሆን ያለበት እርሱ ነው።

ደንገሉ ራሱ ሀብት ነው። ከእርሱ ታንኳ፣ ምንጣፍና የጣሪያ ክዳን ይሠራል፤ ለምለሙም ለከብት መኖ ይሆናል። ታንኳ የመሥራት ጥበብ በተለይ ከወይጦ ማኅበረሰብ ጋር የቆየ ነው። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም፤ ስለዚህ ታንኳ የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ ለምለም ደንገል በአቅራቢያው ማግኘት አለበት። ደንገሉ በራቀ ቁጥር ሥራው ይጠፋል፣ ጥበቡም አብሮ ይጠፋል። ተክሉ ግን በሚገባ ከተያዘ ቸር ነው፤ ግንዱ ታጭዶ ሥሩ ካልተነካና ውኃው ካልራቀው አንድ ዓመት ሳይሞላ እንደገና ለአጨዳ ይደርሳል።

በረግረጉ ላይ የሚቀርበውም ክስ እውነት አለበት። የወባ ትንኝ ይራባበታል። ቀንድ አውጣዎች ይኖሩበታል፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ለሰው ቢልሃርዚያን፣ ለከብት ደግሞ የጉበት ትልን ያስተላልፋሉ። ጉማሬ ማሳ ያጠፋል። ይህን የማይጠቅስ የኤክስቴንሽን ሠራተኛ በገበሬው ዘንድ አይታመንም፤ መታመንም የለበትም።

(ስለ ሩዝ አንድ ነገር እንጨምር። ፎገራ ዛሬ በሩዝ የታወቀ አገር ነው። ሩዝ ውኃ በተኛበት ማሳ ስለሚበቅል «ሩዝስ ራሱ ረግረግ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ጥሩ ነው። የሩዝ ማሳ በክረምት ውኃ ይይዛል፣ ወፎችም ይመገቡበታል። ነገር ግን በኅዳር ታጭዶ ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘራበታል፤ በመጋቢት ባዶ ነው። በክረምቱ መጀመሪያ፣ ጎርፉ ከሁሉ የበለጠ አፈር በሚያመጣበት ጊዜ፣ ሩዙ ገና ቡቃያ ነው። ስለዚህ የደንገልን ሥራ በከፊል እንጂ በሙሉ አይተካም።)

ረግረግ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በፎገራ ሜዳ የሚገኙት ሸሸርና ወለላ የተባሉት ረግረጎች በእርሻ መስፋፋትና የርብ ጎርፍ እንደ ቀድሞው ስለማይደርሳቸው ከቀድሞ ስፋታቸው እጅግ አንሰዋል። ከአካባቢው ውጭ ምሳሌ ለሚፈልግ ደግሞ የሐረማያ ሐይቅ አለ፤ ከዙሪያው በሚመጣ ደለል፣ ለመስኖ በሚሳብ ውኃና ለከተማ በሚሰጥ ውኃ ምክንያት በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ሜዳ ሆኖ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃ እንደገና ማቆር ጀምሯል። ይህም ለማስተማሪያ የሚጠቅም ነው፤ የጠፋው ሁሉ ለዘለዓለም ጠፋ ማለት አይደለምና።

ዘመቻና ትምህርት

ተማሪን ለኅብረተሰብ አገልግሎት ማሰማራት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹ አስተማሩ። በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻም ይታወሳል። በቅርቡ ደግሞ በየዓመቱ በበጋ የሚካሄደው የተፋሰስ ሥራ አለ። በጣና ዳርቻም እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. መታየቱ ከተረጋገጠ ወዲህ፣ ገበሬውና ተማሪው ብዙ ጊዜ ወጥተው በእጃቸው ሲነቅሉ ታይተዋል።

የእምቦጭ ነቀላውን እንደ ምሳሌ እንውሰደው። ሁለት መቶ ተማሪ አንድ ቀን ወጥቶ ነቅሎ ቢመለስ አገልግሎት ሰጥቷል። ምን ተማረ ቢባል ግን መልሱ «ድካም» ነው። ያንኑ ሥራ ትምህርት የሚያደርገው ከነቀላው በፊትና በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። እምቦጩ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ይበልጥ የበዛው ለምንድን ነው? ነፋሱ ወዴት ይነፍሳል? የትኛው ወንዝ በአጠገቡ ይገባል? በዚያ ወንዝ ዳር ያሉት ማሳዎች ምን ያህል ማዳበሪያ ይጠቀማሉ? የተነቀለው የት ተከመረ፣ በሚቀጥለው ክረምት ውኃው እዚያ ይደርሳል ወይስ አይደርስም? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ብዙ ድካም ከንቱ የሚሆነው በእርሱ ነው፤ ውኃው በሚደርስበት ቦታ የተከመረ እምቦጭ ተመልሶ ይገባል፣ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ተማሪዎቹ የክምሩን ቦታና የመስከረምን የውኃ ወሰን በካርታ ላይ ቢያስቀምጡ፣ ለቀበሌው ከነቀላው የማይተናነስ አገልግሎት ሰጡ ማለት ነው።

እንግዲህ ሕጋችን አንድ ነው፤ ያለ ጥያቄ ሥራ አይጀመርም፣ ያለ ልኬት ሥራ አይፈጸምም። ጥያቄውም ከቢሮ የሚወርድ ሳይሆን ከቀበሌው የሚወጣ መሆን አለበት።

ሥራው እንዴት ይጀመራል?

በመስከረም መጨረሻ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ የሳይንስ መምህሩና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ተወካይ ተቀምጠው አንድ የረግረግ ቦታ ይመርጣሉ። ቦታው ከትምህርት ቤቱ በእግር ከግማሽ ሰዓት በላይ የማይርቅ፣ አንድ ጎኑ ያልታረሰ፣ ሌላ ጎኑ የታረሰ ቢሆን ይመረጣል። ተማሪው ከሠላሳ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ቦታውን የሚያርሱና የሚያግጡ ሰዎች አስቀድመው ሊያውቁና ሊስማሙ ይገባል፤ ያለዚያ የተተከለው ቧንቧ በማግሥቱ ተነቅሎ ይገኛል።

የመጀመሪያው ሥራ ሽማግሌዎችን መጠየቅ ነው። እዚህ ላይ ልጆቹ አጠያየቁን መለማመድ አለባቸው። «አባባ፣ ረግረግ ይጠቅማል?» ብሎ የጠየቀ ልጅ የሚያገኘው መልስ «አዎን ልጄ፣ ይጠቅማል» ብቻ ነው፤ ሽማግሌው እንግዳውን ለማስደሰት ይመልሳሉ። «አባባ፣ እርስዎ እንደኔ ልጅ ሳሉ ደንገሉ እስከ የት ይደርስ ነበር? ሄደን ሊያሳዩን ይችላሉ?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ግን ተነሥተው መንገድ ይመሩታል። ያሳዩበት ቦታ ላይ ችካል ይተከላል። እማማንም መጠየቅ አይዘንጋ፤ ለጣሪያ ሣርና ለበዓል ቄጤማ ማን ከየት ያመጣ እንደነበር፣ ዛሬስ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ከእናቶች የተሻለ የሚያውቅ የለም። የሦስት ወይም የአራት ሽማግሌ ችካሎች ተቀራርበው ከተገኙ የቀድሞው ወሰን በግምት ታወቀ ማለት ነው፤ ከተራራቁ ደግሞ ልዩነቱ ራሱ ይመዝገብ።

ቀጥሎ በክፍል ውስጥ የሚሠራ ሙከራ አለ። ሁለት ባለ 20 ሊትር አሮጌ ጀሪካን በቁመታቸው ተሰንጥቀው እንደ ገበታ ይዘጋጃሉ። በአንዱ ከነሥሩ የተቆረጠ የረግረግ ሣር፣ በሌላው ከማሳ የመጣ ባዶ አፈር ይሞላል። ሁለቱም በድንጋይ በአንድ በኩል ትንሽ ከፍ ተደርገው እኩል 5 ሊትር የደፈረሰ ውኃ ቀስ ብሎ ይፈስስባቸዋል። ተማሪው ውኃው መውጣት የጀመረበትንና ያቆመበትን ጊዜ በሰዓት ይይዛል፤ የወጣውንም በጠርሙስ አድርጎ እስከ ማግሥቱ ያስቀምጣል። ቤቱ ውስጥ ማንም ሰው ንግግር ሳያደርግ ጠርሙሶቹ ይናገራሉ።

በክረምት መግቢያ፣ ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት ከተቻለ፣ የወንዙን ውኃ ደለል መለካት ጠቃሚ ነው። አንድ ሊትር ውኃ ተቀድቶ ከረጋ በኋላ ጠላሉ ይቀዳል፤ የቀረው ጭቃ በፀሐይ ደርቆ በወርቅ ሠሪ ወይም በመድኃኒት ቤት ሚዛን ይመዘናል። ለስሌት ያህል በአንድ ሊትር 3 ግራም ተገኘ እንበል፤ ወንዙም በሰኮንድ 50 ሜትር ኩብ ውኃ ያወርዳል እንበል። በአንድ ቀን የሚያልፈው አፈር 129,600 ኩንታል ይሆናል። ተማሪዎቹ የራሳቸውን ግራም አግኝተው ይህን ስሌት ሲደግሙት የላይኛው አገር እርከንና የታችኛው አገር ደንገል አንድ ጉዳይ መሆናቸው ይገባቸዋል።

የውኃ መለኪያ ቧንቧዎች

ከሁሉም ሥራዎች ብዙ የሚያስተምረው ይህ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርገን እናቀርበዋለን። የሚያስፈልገው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ያለው የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። የታችኛው 1 ሜትር በጋለ ሚስማር በየጣት ርቀቱ ይበሳል፤ ጭቃ እንዳይገባበትም በአሮጌ ነጠላ ወይም በስስ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይታሰራል፣ ጫፉም ይደፈናል። 1 ሜትር ተኩሉ መሬት ውስጥ ይገባል፤ 30 ሳንቲ ሜትሩ ከላይ ይቀራል። ክዳን ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ልጆች ጠጠር ይጥሉበታል።

ቢያንስ ሦስት ቧንቧ በአንድ መስመር ይተከላል፤ አንዱ ደንገሉ ባለበት፣ አንዱ በወሰኑ ላይ፣ አንዱ በታረሰው ውስጥ። አካባቢው ዋልካ አፈር በመሆኑ ውኃ በውስጡ የሚሄደው በዝግታ ነው፤ ስለዚህ በተተከለበት ቀን የተገኘውን ልክ መመዝገብ አይገባም፣ ቢያንስ አንድ ቀን ይጠበቅ። በበጋ ዋልካው ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ቧንቧውን ተከትሎ እንዳይወርድ ዙሪያውን በጭቃ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል።

ልኬቱ በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይደረጋል። ጫፉ ላይ ትንሽ ብረት የታሰረበት ገመድ ወደ ቧንቧው ይወርዳል፤ ውኃውን ሲነካ በሚሰማው ድምፅ ይታወቃል። ተማሪዎች ዘወትር የሚረሱት ከመሬት በላይ ያለውን 30 ሳንቲ ሜትር መቀነስ ነው። ከቧንቧው አፍ እስከ ውኃው 85 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ውኃው ከመሬት ወለል በታች ያለው በ55 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ሁለት ተማሪ በየተራ ለክቶ ልኩ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለያየ ይደገም።

ከጥቅምት እስከ ግንቦት ከተለካ በቂ መስመር ይገኛል። በካሬ ወረቀት ላይ ሦስቱ ቧንቧዎች በሦስት ቀለም ሲሠሩ፣ በየትኛው ወር የትኛው ቦታ እንደ ደረቀ በግልጽ ይታያል። የታረሰው ከደንገሉ ቀድሞ ካልደረቀም ያው ይጻፍ። ማሳው የተፋሰሰበት ቦይ አቅጣጫ፣ ወደ ሐይቁ ያለው ርቀት፣ በአቅራቢያው የሚሠራ የውኃ መሳቢያ ሞተር መኖሩ ውጤቱን ይለውጣል። እንዲያውም ያልጠበቁት ውጤት ሲመጣ ልጆቹ ምክንያቱን ለመፈለግ የሚያደርጉት ሩጫ ከትምህርቱ ሁሉ የሚበልጠው ክፍል ነው።

የቤተሰብ ሒሳብ

ይህን ክፍል ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ከተማሪዎቹ ጋር ሊሠራው ይገባል፤ ክርክሩ የሚፈታው ወይም የሚከርረው እዚህ ላይ ነው። ሃያ ያህል ቤተሰብ ይመረጣል፤ ያረሱም፣ ያላረሱም፣ መሬት ያላቸውም፣ የሌላቸውም። ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ለእያንዳንዱ ቤት በወር በወር ከረግረጉ የተገኘው ይመዘገባል፤ ስንት ሸክም ደንገል፣ ስንት ቀን ግጦሽ፣ ስንት ኪሎ አሣ፣ ስንት እስር ሣር። ከታረሰው ባሕር ሸሽ የተገኘውም እንዲሁ በኩንታል ይጻፋል፤ ከዚያ ላይ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የበሬ ቀንና በጎርፍ ወይም በጉማሬ የጠፋው ይቀነሳል። ሁሉም በአካባቢው ገበያ ዋጋ ወደ ብር ይለወጣል።

ውጤቱን አስቀድመን አንናገርም፤ ኤክስቴንሽን ሠራተኛውም አይናገር። በጥሩ ዓመት እርሻው ለአራሹ የበለጠ ብር ሊያስገኝ ይችላል፤ ከሆነ ይነገር። ነገር ግን ሒሳቡ በጠቅላላ ድምር ብቻ እንዳይታይ አጥብቀን እናሳስባለን። ሁለት ነገር ተለይቶ መታየት አለበት። አንደኛው ወሩ ነው። የረግረግ ግጦሽ የሚፈለገው ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ሌላው ሜዳ ሁሉ ሲደርቅ ነው፤ በዚያ ወር ያለች አንዲት ሸክም ለምለም በኅዳር ካለችው ጋር እኩል ዋጋ የላትም። ሁለተኛው ተቀባዩ ነው። የእርሻው ጥቅም ወደ አንድ ቤት ይገባል፣ የረግረጉ ጥቅም ወደ ብዙ ቤት በጥቂት በጥቂቱ ይበተናል። የተበተነ ጥቅም ማንም ስለማይቆጥረው በስብሰባ ላይ ጠበቃ የለውም። የተማሪው ደብተር ይህን ቆጥሮ ያቀርባል።

ይህ ሒሳብ በሕዝብ ፊት ሲቀርብ መሬት የሌለው ወጣት «እንግዲህ እኔን አስለቅቁኝ ነው ነገሩ» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ማኅበሩ ለእነዚህ ሰዎች የሚያቀርበው ነገር ሊኖረው ይገባል። ደንገል ለማጨድና ምንጣፍ ሠርቶ ለመሸጥ ቅድሚያ መስጠት፣ በአሣ አጥማጆች ማኅበር ውስጥ ቦታ መስጠት፣ ከወሰኑ ውጭ ባለው ባሕር ሸሽ ላይ የበጋ ድርሻ መስጠት ከሚታሰቡት መካከል ናቸው። ምንም ሳይዙ ወሰን ማስከበር ጠብ መዝራት ነው፤ ችካሉም አንድ ክረምት አያድርም።

ደንገል መትከል

ማኅበሩ ወሰን ከተስማማ በኋላ የሚከተለው አገልግሎት የተራቆተውን መመለስ ነው። ደንገል በዘር ከማፍላት ይልቅ ሥሩን ከፍሎ መትከል ይቀላል። ከጤናማ ደንገል ዳር፣ ቢያንስ አንድ ለጋ ቡቃያ ያለበት የሥር ቁራጭ ይወሰዳል፤ ከአንድ ቦታ ብዙ መውሰድ ግን የለውን ቦታ ያራቁታል። ቁራጩ ሳይደርቅ፣ በዚያው ቀን፣ በአንድ ሜትር ርቀት ጭቃ ውስጥ ይተከላል። የሚተከለው ውኃው መሸሽ ሲጀምር፣ መሬቱ ገና ለስልሶ ሳለ ነው። በጣም ጥልቅ በሆነ ቦታ ከተተከለ ማዕበል ይነቅለዋል፤ በጣም ወደ ላይ ከተተከለ በመጋቢት ይደርቃል። የቧንቧዎቹ መስመር ትክክለኛውን ቦታ ለመምረጥ የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ጠላቱ ከብት ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አሥር ቁራጭ ተክሎ፣ በየወሩ የጸደቀውን ቢቆጥር፣ በሰኔ የመቶኛ ስሌት ያለ መጽሐፍ ይማራል።

ጥንቃቄ

በባዶ እግር ወደ ረግረግ ተማሪ ማስገባት አይገባም። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ትሉ በቆዳ በኩል ስለሚገባ ቦቲ ጫማ፣ ከሌለም ከውኃው መራቅ የግድ ነው። ለሠላሳ ልጅ ስድስት ጥንድ ቦቲ በተራ ሊበቃ ይችላል፤ ውኃ የሚነካው ቡድን ትንሽ ይሁን። ሥራው ጧት ከተጀመረና ከምሽት በፊት ካለቀ ከትንኝም ከጉማሬም ይርቃል። ጉማሬ የሚወጣበትን መንገድ አሣ አጥማጆች ያውቃሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ሁልጊዜ ከቡድኑ ጋር ይሂድ። አልቅት የያዘው ልጅ እንዳይደነግጥ አስቀድሞ ይነገረው። ወደ ክሊኒክ የሚሄድ ልጅ ካለ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንድታውቅ ይደረግ።

አያያዝ

መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይያዛል፤ አንዱ በትምህርት ቤቱ፣ ሁለተኛው በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ቢሮ። መምህር ይዛወራል፣ የልማት ሠራተኛም ይዛወራል፤ በአንድ ሰው ሻንጣ ውስጥ ያለ ደብተር ከሰውዬው ጋር ይሄዳል። በግንቦት መጨረሻ ተማሪዎቹ ራሳቸው፣ መምህሩ ወይም እኛ ሳንሆን፣ ካርታውን፣ ሦስቱን የቀለም መስመሮችና የቤተሰቡን ሒሳብ ለቀበሌው ስብሰባ ያቀርባሉ። ጠርሙሶቹም ይምጡ። ሽማግሌዎቹ ችካል ያሳዩበት ቦታ ስለሚነሣ እነርሱ ከፊት እንዲቀመጡ ይደረግ።

በክረምት ቧንቧዎቹ በውኃ ስለሚሸፈኑ በየአንዳንዳቸው አጠገብ ረጅም የቀርከሃ ምልክት ተተክሎ ይቆያል። በጥቅምት መጀመሪያ ውኃው ሲሸሽ ክዳናቸው ተከፍቶ ደለሉ ይወጣል፣ ጨርቁ ይታደሳል፤ ከዚያም ያለፈው ዓመት ተማሪዎች ለአዲሶቹ አለካኩን እያሳዩ የመጀመሪያውን ቁጥር በአዲስ ገጽ ላይ ያስጽፏቸዋል።